27ቱን ገጸ ባሕርያት ምን ላድርጋቸው?

ታሪኩ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ የሚሆን ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ይጣላሉ፤ በቃ፣ ይሄው ነው። ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ በስልኳ ማንበብ ጀምራ ግማሽ ላይ አቆመች። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጠፋባት። ገጸ ባሕርያቱን ብቆጥር 27 ሆኑ! ምን ላድርግ፣ መኪና ግርግር ባለፍኩ ቁጥር ልብስ ሰፊው ሁሉ ታሪክ ያለው ይመስለኛል፤ አስገባዋለሁ።

መላ ፍለጋ ሐረር ወዳደጉ አንድ ሰው ሄድኩ፤ ወደ ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም።

ተክለሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር መጥተው ራስ መኮንን ቤት ገቡ። የ11 ዓመት ግድም ልጅ ሳሉ ራስ መኮንንን ተከትለው ዓድዋ ዘመቱ። ከዚያ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለሱ፣ ያደጉበትን የመኳንንት ዓለም እንደ ቤተሰብም እንደ እንግዳም የሚያዩ ሰው ሆነው ነበር። ያዩት ነገር ደግሞ አልተዋጠላቸውም።

በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው እሱ ነው። በጊዜው የነበረውን ሹም፣ መኳንንትና ደጅ ጠኚ አስቡት! ሁሉንም መድረክ ላይ መደርደር ይቻል ነበር። እሳቸው ግን የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው፣ በሰው ፋንታ እንስሳትን አናገሩ።

የዚህ ዓይነት ተረት ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? የተኩላና የበግን ተረት አስታውሱ። እነሱ ሁለት፣ ውሃው አንድ። የበጉ አጎት፣ የተኩላው ጎረቤት አያስፈልጉም። ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ማን ምን እንደሚያጣ ወዲያው ይገባናል። የ«ፋቡላ» መልእክትም የማንም ስም ሳይጠራ ባለሥልጣናቱ ዘንድ ደረሰ። ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱት።

ተክለሐዋርያት ከዚያም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጨርጨርን አስተዳድረው አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ጣሊያን ሊወረን ሲል ጄኔቭ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ረጅም ዘመን በስደት ኖረው ሲመለሱ ሂርና ላይ እርሻ ያዙ፤ በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ግርማቸው ደግሞ «አርአያ»ን ጻፉ፤ ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ አንድ ወጣት መሃል ላይ ያቆመ ልብ ወለድ።

ይሄን ሁሉ ካየሁ በኋላ ረቂቄን እንደገና አነበብኩ። ያኔ ነው ጥፋቴ የገባኝ። ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት ሊነጋገሩ ሲሉ፣ እኔ ቶሎ ብዬ ሽማግሌ አስገባለሁ። ሽማግሌው ሚስት አለው፣ ሚስቱ እህት አላት... 27 የደረሱት እንዲህ ነው። ገጸ ባሕርያቴ የበዙት ጠቡን ስለፈራሁት ነው።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ? ወንድማማቾቹ አባቴና አጎቴ ናቸው።

አሁን አምስት ሰው ብቻ ቀርቷል። ወንድማማቾቹን መደብ ላይ አስቀምጬ፣ የቤቱን ቁልፍ መካከላቸው አድርጌ፣ ሽማግሌውን ከበር መለስኩት። ምዕራፉ በአንድ ሌሊት አለቀ። እህቴም እስከ መጨረሻው አነበበችው። ለአባቴ ግን ገና አላሳየሁትም።