ስሙ በሞተር ላይ የቀረ መካኒክ፦ የሮበርት ቦሽ ሕይወት

ባለፈው ዕረፍት ወደ ሻሸመኔ ስንጓዝ አውቶቡሳችን አዳማ ላይ ተበላሽቶ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀመጥን። በግቢው ያረጀ የጀርመን የናፍጣ መኪና ቆሟል፤ አልጋና ምድጃ በውስጡ ያለው፣ ባለቤቶቹ እንደ ቤት የሚኖሩበት ነው። ወደ ሞያሌ የሚሄዱ፣ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ጠቅ ይልና ዝም ይላል። ሰውየው በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ባትሪ ለውጧል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

የጋራዡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሦስተኛ ባትሪ እንዲገዛ አልነገረውም። የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አስነክቶ ቁልፉን አስዞረ። ምንም መጥፋት በማይገባው ቦታ ሦስት ቮልት ያህል ይጠፋል። ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ሽቦ ከብሎኑ ሥር ዝጎ ኖሯል። ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገና መልሶ አሰረው። መኪናው ተነሣ።

በሞተሪኖውም በናፍጣ ፖምፓውም ላይ አንድ ስም ተጽፏል፤ ቦሽ። ረዳቱ ልጅ የአገር ስም ይመስለው ነበር። እኛም የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች፣ ስለ ናፖሊዮን ሰዓት ሙሉ ማውራት የምንችለው፣ ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ እፍረት ነው።

ሮበርት ቦሽ በደቡብ ጀርመን፣ በኡልም ከተማ አጠገብ ባለችው በአልቤክ መንደር በ1861 ተወለደ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቹ እርሻና የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነበራቸው፤ እርሱ ከአሥራ ሁለት ልጆች አሥራ አንደኛው ነው። እንግዲህ በድኽነት አደገ ብለን አንባቢን ማስለቀስ አንችልም። በኡልም የረቂቅ መሣሪያ ሥራ ተለማማጅ ሆኖ ቢገባም ጌታው ከሥራ ቦታ የሚጠፋ፣ ለማስተማር የማይገደው ሰው ስለ ነበር፣ ያ ዘመን በቦሽ ልብ ቂም ሆኖ ቀረ። ከዚያ በሽቱትጋርት ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ስድስት ወር ያህል ቁጭ ብሎ አዳመጠ። መደበኛ ተማሪ ግን አልነበረም፤ ዲግሪም አልያዘም። በ1884 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒውዮርክ በኤዲሰን ፋብሪካ ሠራ፤ በእንግሊዝ አገርም በሲመንስ ወንድማማቾች ዘንድ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ።

በኖቬምበር 15 ቀን 1886 በሽቱትጋርት ከአንድ ሠራተኛና ከአንድ ተላላኪ ልጅ ጋር ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። ቴሌፎን ይዘረጋል፤ የኤሌክትሪክ ደወል ይሰቅላል፤ የመጣለትን ሁሉ ይጠግናል። ብዙ ዓመት በብድር ነው የኖረው። የዛሬው የአዳማ ጋራዥ ከዚያ ወርክሾፕ አያንስም ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

በ1887 አንድ ደንበኛ ለጋዝ ሞተር እሳት የሚጭር መሣሪያ አዘዘው። እንዲህ ያለውን የዶይትዝ ፋብሪካ ቀድሞ ይሠራው ስለ ነበር፣ ቦሽ የፈጠራ መብት ያልተጠበቀለት መሆኑን አረጋግጦ፣ አሻሽሎ ሠራው። ስለዚህ ማግኔቶን ቦሽ ፈጠረ የሚሉ ተሳስተዋል። መሣሪያው ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ከማግኔትና ከመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። ሞተሩ ሲዞር የራሱን ብልጭታ ራሱ ያመነጫልና ባትሪ አያሻውም። የዚያን ጊዜ ባትሪ ቶሎ እየሞተ ባለመኪናን ሜዳ ላይ የሚያስቀር ስለ ነበር ጥቅሙ ቀላል አልነበረም።

በ1897 ፍሬድሪክ ሲምስ የሚባል እንግሊዛዊ መሣሪያው በአንድ ባለ ሦስት እግር የደ ዲዮን ቡቶን ሞተር ላይ እንዲገጠም ጠየቀ። ሞተሩ ፈጣን ነው፤ የቦሽ ማግኔቶ ግን ለዝግተኛ ሞተር የተሠራ ነበርና አልደርስ አለ። መላውን ያገኘው የወርክሾፑ ፎርማን አርኖልድ ዜሪንገር ነው፤ ከባዱን ጥቅል ማወዛወዙን ትቶ በዙሪያው ቀላል የብረት ቀፎ እንዲወዛወዝ አደረገ። በ1902 ደግሞ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አቀናጅቶ ሠራ። ሀብቱን ያመጡለት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። የቦሽ ችሎታ የሰውን እጅ ማወቅና ጎደሎ ዕቃ ከበሩ እንዳይወጣ መከልከል ነበር።

አሁን ወደሚያስገርመን ነገር ደረስን። መኪናን ከባትሪ አላቅቆ የከበረው ይህ ሰው በ1913 የኤሌክትሪክ መብራት፣ በ1914 ሞተሪኖ ለገበያ አወጣ። ሁለቱም ያለ ባትሪ አይሆኑም፤ በእጅ ብረት ማዞር ሲቀር ባትሪው ተመልሶ ገባ፤ ከእርሱም ጋር የሚዝገው ሽቦና የሚላላው ብሎን መጣ። (የአዳማ ሙቀት ደግሞ የባትሪን ዕድሜ ከብርድ ይልቅ እንደሚያሳጥር ሠራተኛው ነግሮናል፤ ባትሪ ከመውቀስ በፊት ሽቦውን እዩ ብሎም መክሮናል።)

ከዚያም የባሰ ጉዳይ መጣ። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው አየሩን አምቆ በማጋል ስለ ሆነ ማግኔቶና ካንዴላ አያሻውም፤ በብርድ ጊዜ ሲሊንደሩን ለማሞቅ የሚገባው ካንዴላ እሳት አይጭርም። ይህ ሞተር ቢስፋፋ የቦሽ ዋና ንግድ ይጎዳል። ቦሽ ግን በ1922 ለዚሁ ሞተር ናፍጣ በልክና በሰዓቱ የሚረጭ ፖምፓ እንዲሠራ ወሰነ። ሥራው አምስት ዓመት ፈጀ፤ በ1927 ፖምፓው በብዛት መሠራት ጀመረ። ዛሬ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ የሚያልፈው የናፍጣ ጭነት መኪና የሚሄደው በዚያ ሐሳብ ነው።

በ1906 የሥራውን ቀን ስምንት ሰዓት ስላደረገ ቀዩ ቦሽ ተባለ። ከመካከላችን አንዱ ይህ በሁለት ፈረቃ ለማሠራት የተደረገ ብልኀት ነው ይላል፤ ልክ ሳይሆን አይቀርም። በ1910 ለዚያ ስድስት ወር ለተቀመጠበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት አንድ ሚሊዮን ማርክ ሰጠ። በ1913 ለተለማማጆች የተለየ ማስተማሪያ ወርክሾፕ አቋቋመ፤ የኡልሙን ጌታ አልረሳም ማለት ነው። በዚያው ዓመት ግን ሠራተኞቹ አድማ መቱበት፤ ቸር ጌታ ነኝ ባዩ በጣም ተቀየመ። የአዳማውን ረዳት ልጅ ስንት ይከፈልሃል ብለን ስንጠይቀው ምሳውን እንደሚበላ ነገረን።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት መጻፍ ከብዶናል። ቦሽ ናዚዎችን አይወድም ነበር። በድርጅቱ ውስጥ አይሁዶችን ከአገር እንዲወጡ የሚረዱ ሰዎች ነበሩ፤ አማካሪው ካርል ጎርዴለርም በሂትለር ላይ ካደሙት አንዱ ሆኖ በ1945 ተሰቀለ። ሆኖም ፋብሪካዎቹ ለሂትለር ጦር ይሠሩ ነበር፤ ከተያዙ አገሮች በግድ የተወሰዱ ሰዎችና የጦር ምርኮኞችም በሺህ እየተቆጠሩ ሠርተውባቸዋል። ቦሽ በማርች 12 ቀን 1942 ሲሞት መንግሥቱ የክብር ቀብር አደረገለት። ጎርዴለርን በሥሩ ያኖረና ለሂትለር ጦር የሠራ አንድ ሰው ነው። ከእኛ ገሚሱ ሌላ ምን ያድርግ አለ፤ ገሚሱም ማግኔቶውን ለመተው የደፈረ ሰው ይህንንስ ለመተው ለምን አልደፈረም አለ። ጽሑፉን ለማተሚያ እስክናስረክብ ድረስ አልተስማማንም።