ሠዓሊው መነኵሴ ፍሬ ጽዮን

በጣና ሐይቅ ካሉት ገዳማት አንዱ በሆነው በዳጋ እስጢፋኖስ የእመቤታችንን ሥዕል ሠርተው ያኖሩልን አባት ፍሬ ጽዮን ይባላሉ። ዘመናቸው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ነበረ። ንጉሡ የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዐት ስለ ሠሩ ሥዕሏ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። መነኵሴውም እጃቸውን ለዚህ አገልግሎት ሰጡ።

ሥዕሉ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል በቀኝና በግራ ቆመው ይታያሉ። ሊቃውንት ፍሬ ጽዮን ከባሕር ማዶ የመጡ ሥዕሎችን ሳይመለከቱ እንዳልቀሩ ይናገራሉ፤ ሆኖም ያዩትን እንዳለ አልገለበጡም፤ ለአገራቸው ምእመናን በሚስማማ መልክ ሠሩት እንጂ።

በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሠዓልያን ስማቸውን አይጽፉም ነበር። እርሳቸው ግን በሥዕሉ ላይ የንጉሡንና የአበምኔታቸውን የይሥሐቅን ስም አስቀድመው፣ የራሳቸውን በመጨረሻ፣ ያውም ኃጥእ ብለው ጻፉ። ይህ ለውዳሴ የተጻፈ አይደለም፤ ያሠራቸውን ዘመንና ያሳደጋቸውን ማኅበር የሚያመሰግን ትሕትና ነው።

መነኵሴ እናቱንና አባቱን ትቶ ይወጣል። ፍሬ ጽዮንም ትተውት የወጡትን የእናትና የልጅ ፍቅር በገበታው ላይ ለሁላችን መለሱልን። እንግዲህ ደቀ መዝሙር ሆይ፣ ተሳላሚም ሆይ፣ በሥዕል ፊት ስትሰግድ ሠዓሊውን በጸሎት ማሰብን አትርሳ፤ ስሙ ተጽፎ ባታገኘውም እንኳ።