የጣናን ዓሦች በስም የለየው ኤዱአርድ ሩፔል

ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን የማያውቅ እጩ መምህር በመካከላችን አለ ብዬ አላምንም። ሦስቱንም ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቃቸው አንድ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይኸው ሰው የጣናን ዓሦችም ለይቶ መዝግቧል፤ የዛሬው ጽሑፋችን በይበልጥ የሚያተኩረው በዚህኛው ሥራው ላይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤዱአርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በኅዳር 1794 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። የታሰበለት ሥራ ንግድ ነበር። ነገር ግን በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ተጉዞ ከተመለሰ በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ተፈጥሮ ጥናት ዞረ። ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ተማረ፤ ከዚያም እስከ 1827 ድረስ በግብፅ፣ በሱዳንና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲዘዋወር ቆየ። መቼስ ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ መዝናኛ አያጣም፤ ሩፔል ግን ገንዘቡን በዓሣ ማሰሮና በወፍ ቆዳ ላይ ጨረሰው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። የሰበሰበውንም ሁሉ በትውልድ ከተማው ለሚገኘው ለዘንከንበርግ ሙዚየም ሰጠ።

በ1831 በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበር መንገዱ ሁሉ ሥጋት ነበረው። በደጃዝማች ውቤ ግዛት በሰሜን ተራሮች ሰንብቶ በ1832 ጎንደር ደረሰ። በጎንደርም ከሊቃውንቱ ጋር ተወዳጅቶ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ። ከዚያ ወርዶ ጣና ዳር ሲደርስ ዓሣውን እየለየ መያዝ ጀመረ።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ የሚያስመሰግነው ነገር አለ። በ1835 ያሳተማቸው የዓሣ ስሞች ብዙዎቹ ከአካባቢው ሰው አፍ የተወሰዱ ናቸው፦ በሶ፣ ሱርኪስ፣ ጎርጓሪ፣ ኔድጂያ። ጭላዳንም እንደ ሰማው ጌላዳ ብሎ ጻፈው። ስም ሰጪው ዓሣ አስጋሪው፣ መዝጋቢው ሩፔል ነው ማለት ይቻላል፤ የአስጋሪዎቹ ስም ግን በሳይንሱ መዝገብ የለም። በ1837 ደግሞ በቀይ ባሕር የሚገኝ ሳርዲን መሰል አንድ ትንሽ ዓሣ፣ አራት ነጥብ ያለው የሚል ትርጉም ባለው የላቲን ስም ጠራ።

ስም ማውጣት ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ጥቅሙ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1973 ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ ባወጣው ጥናት፣ ሩፔልና ሌሎች የለዩዋቸውን ትልልቅ የጣና ነጭ ዓሦች አብዛኞቹን የአንድ ዝርያ መልክ ናቸው ብሎ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ሁሉም አንድ ከሆነ ደግሞ አንዱ ዓይነት ቢያልቅ ማን ያውቃል? ሚዛን ላይ የሚወጣው ኪሎ ብቻ ነው። በእኛ በንፋስ ስልክ ላፍቶም እኮ ዓሣ ጉላሽ ያዘዘ ሰው፣ ዓሣው ከጣና ነው ወይስ ከዝዋይ ቢል መልስ ያገኝ ይሆናል፤ የትኛው ዝርያ ነው ቢል ግን አስተናጋጁ ይስቅበታል።

በ1990ዎቹ ናግልከርከ እና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ዓሦቹን እንደገና መርምረው በጣና 15 የተለያዩ ዝርያዎች እንዳሉ አሳዩ። የሩፔል ስሞችም ተመለሱ። ጎርጓሪ ሌላ ዓሣ ይበላል፤ ሱርኪስ የውኃ ተክል ይመገባል፤ ኔድጂያ በወፍራም ከንፈሩ ከሐይቁ ወለል ትንንሽ ነፍሳትን ይለቅማል። በ2000 ደግሞ ከጣት ብዙ የማትረዝም፣ በሐይቁ መካከል የምትኖር አዲስ ዝርያ ተመዘገበች። እንደ እሷ ያሉት ትንንሾች በዓይን የማይታዩ የውኃ እንስሳትን ይበላሉ፤ እነሱን ደግሞ ትልልቆቹ ዓሣ በሎች ይበሏቸዋል። ስለዚህ የትንንሾቹ ቁጥር ካልታወቀ የትልልቆቹም ነገር አይታወቅም።

ቆጠራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። በተወሰነ ቦታና ጊዜ አንድ ዓይነት መረብ ይጣላል፤ የተያዘው በየዝርያው ተለይቶ ይቆጠራል፣ ይለካል፣ ይመዘናል፤ የውኃው ሙቀትና ጥራትም አብሮ ይጻፋል። ከነጋዴ ጀልባዎች የሚወርደው ዓሣም እንዲሁ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገቡ። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የተደረገው ንጽጽር ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነበር፤ ከነጭ ዓሦቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቀንሰዋል፣ የጫጩቶቹ ደግሞ የባሰ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ሲወጡ መረቡ ከወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። አስጋሪውም ቢሆን የሚያበላው ቤተሰብ አለው፤ መረብህን ሰብስብ ብሎ ማለፍ ቀላል አይደለም።

ሩፔል ይህን ሁሉ አላየም። በ1834 አገሩ ገባ፤ በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ይህን ሽልማት ለማግኘት ከውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያው ነበር። በእርጅናው ከእንስሳቱ ይልቅ የጥንት ሳንቲሞችን መመርመር ያዘ። በታኅሣሥ 1884 በ90 ዓመቱ በፍራንክፈርት አረፈ። የሰበሰባቸው የጣና ዓሦች በዚያው ከተማ በሙዚየሙ ተቀምጠዋል።