ሜዳሊያ ያልነበረው የአበበ ቢቂላ 21 ኪሎ ሜትር

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ ሮም ነው። ባዶ እግር፣ የችቦ ብርሃን፣ የአክሱም ሐውልት፣ የወርቅ ሜዳሊያ። ቀጥሎ ቶኪዮ ይመጣል። ታላቁ አትሌት በኒውዮርክ ጎዳናዎች ላይ የሮጠው ግማሽ ማራቶን ግን እምብዛም አይወራለትም። በዚያ ሩጫ የሚሸነፍ ተፎካካሪ አልነበረም። በመጨረሻው መስመር ላይም ሜዳሊያ የሚያጠልቅለት ሰው አልጠበቀውም።

ነገሩ የሆነው ሚያዝያ 13 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በኒውዮርክ ሲካሄድ የነበረው የዓለም ኤግዚቢሽን ሁለተኛ ዓመቱን ሲከፍት አበበ ቢቂላና የክብር ዘበኛ ጓዱ ማሞ ወልዴ ተጋበዙ። ሁለቱ አትሌቶች ከማንሃተን፣ ከሴንትራል ፓርክ ጫፍ ተነስተው ኤግዚቢሽኑ እስከሚካሄድበት ኩዊንስ ድረስ ሮጡ። በእጃቸው የያዙት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተላከ፣ በብራና ላይ የተጻፈ የሰላምታ መልዕክት ነበር። በወቅቱ አበበ በማራቶን የሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ አሸናፊና የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ብራና ሲል እንደማንኛውም መልዕክተኛ ሮጠ።

ዛሬ በየአገሩ ሰዎች በቡድን ሆነው ወራት ልምምድ ይሠራሉ። ከዚያም ለሕሙማን፣ ለሕጻናት ወይም ለትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ ግማሽ ማራቶን ይሮጣሉ። በእኛም አገር በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚሮጥበትና ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበሰብበት መድረክ ሆኗል። ለማሸነፍ ሳይሆን ለሌላ ሰው ሲባል መሮጥ አሁን የተለመደ ነው። አበበ ግን ይህን ያደረገው ገና ያኔ ነው። ሕይወቱን ከመነሻው ያየ ሰው ደግሞ የኒውዮርኩ ሩጫ ድንገተኛ ነገር እንዳልነበር ይገባዋል።

ከጃቶ እስከ ክብር ዘበኛ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ጃቶ የምትገኘው ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ በመንዲዳ አካባቢ ነው። በተወለደበት ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ተካሂዷል። በእርግጥ ጃቶ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደምትባል ቦታ ተሰደደ። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ ከአባቱ ተለያይተው ሌላ ባል አግብተው ስለነበር ልጁ ያደገው በእንጀራ አባት ቤት ነው። ኋላ ላይ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመለሱ።

የሰሜን ሸዋን ደጋ ለማያውቅ አንባቢ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ጎረቤላን ማሰብ ይጠቅማል። ከደብረ ብርሃን እስከዚያ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማለትም አንድ ማራቶን ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው። አንድ ሯጭ ከጎረቤላ ተነስቶ ወደ ደብረ ብርሃን ቢያቀና ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ግማሽ ማራቶን ሊጨርስ ትንሽ ቀረው ማለት ነው። በአንድ ወገን የገብስ ማሳና ጅብራ የበቀለበት ተራራ፣ በሌላ ወገን እስከ አፋር ቆላ የሚወርድ ገደል እያየ ይሮጣል። እይታው ያምራል፤ አየሩ ግን ስስ ስለሆነ ላልለመደው ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ያደገ ሰው ሰውነቱ ጥቂቱን ኦክስጅን አብቃቅቶ መጠቀም ይለምዳል።

ትንሹ አበበ በዚህ ደጋ ከብት ጠብቋል፣ ገናም ተጫውቷል። የገና ጨዋታ ሜዳው ወሰን የለውም። እሩሯን ተከትሎ ከአንዱ መንደር ወሰን እስከ ሌላው መሮጥ ነው። አሰልጣኝ የለ፣ ሰዓት የለ። ታዲያ ለረጅም ርቀት ከዚህ የተሻለ መሠረት ከየት ይመጣል?

ወጣቱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ይህም ከግማሽ ማራቶን የሚያንሰው በ1 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ብቻ ነው። ለአበበ ግን ይህ የዘወትር ልምምዱ ነበር። ክብር ዘበኛን ያሰለጥኑ የነበሩት ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን አይተው ለማራቶን ያዘጋጁት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1956 በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ከዝነኛው ዋሚ ቢራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ከሮም ኦሊምፒክ አንድ ወር ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ማራቶን ጨረሰ። ይህ ሰዓት በቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ ተይዞ ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። ከሠፈሩ ውጪ ግን ማንም ልብ አላለውም።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ በሮም

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሮም ላይ ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ማራቶኑ የተጀመረው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። አበበ እዚያው የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። በልምምድም ባዶ እግር ለሱ አዲስ አልነበረም።

ከግማሽ መንገድ በኋላ ፉክክሩ በሱና በሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም መካከል ሆነ። አበበ እንዲጠነቀቅ የተነገረው ራዲ 26 ቁጥር ለብሶ እንደሚሮጥ ነበር። ሞሮኳዊው ግን የለበሰው 185 ቁጥር ስለሆነ አበበ አጠገቡ ያለውን ሰው ሳያውቅ 26 ቁጥርን ሲፈልግ ቆየ። መሸ። ወታደሮች ችቦ ይዘው በአፒያ ጎዳና ዳር ቆመዋል። መጨረሻው ላይ አበበ ጥሎት የሄደው ፋሽስት ጣሊያን ከኢትዮጵያ ዘርፎ ሮም ላይ ያቆመው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ከቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ሶቪየታዊው ሰርጌ ፖፖቭ ይዞት የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለ። ራዲ በ25 ሰከንድ ተቀደመ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጂራ ደግሞ ሰባተኛ ሆነ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አበበ ግን ቀድሞት ተመልሷል፣ ወርቅ ይዞ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር አበበ ባይሳተፍም ለአጭር ጊዜ ተይዞ ተመርምሮ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1961 በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺትሰ አሸነፈ። በ1963 በቦስተን ግን አምስተኛ ወጣ። ጨርሶ ያልቀናው ዓለም አቀፍ ማራቶን ያ ብቻ ነው።

አምስት ሳምንት ለቶኪዮ

ወደ ቶኪዮ ሊሄድ ሲዘጋጅ ደብረ ዘይት ላይ በልምምድ መካከል ሆዱን አመመው። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ውድድሩ የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በሌሊት ሶምሶማ ጀመረ።

ጥቅምት 11 ቀን በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ። የመጀመሪያውን ፍጥነት ያወጣው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ወደ ኋላ ቀረ። የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች አበበ ብቻውን ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ፣ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊ የገባው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ እስከዚያ ሜዳው መሐል ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በታሪክ የመጀመሪያው ሆነ። የኒውዮርኩ ግማሽ ማራቶን የመጣው ከዚህ ድል ስድስት ወር በኋላ ነው።

ሜክሲኮና ሸኖ

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ እግሩን እያመመው ወደ ሦስተኛው ኦሊምፒክ ገባ። ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን ያገኘው በኒውዮርክ ጎዳና ላይ ከጎኑ የሮጠው ማሞ ወልዴ ነው። ማራቶኑ ለሦስተኛ ጊዜ በኢትዮጵያ እጅ ቀረ።

ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን መኪና ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። ሸኖ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ወደ ጎረቤላ የሚጓዝ ሰው ሸኖን ሳያልፍ አይሄድም። አበበ ከመኪናው የወጣው ሲነጋ ነው። በልጅነቱ በሮጠበት ደጋ ላይ እግሮቹን አጣ።

መጀመሪያ ላይ እጆቹም አይንቀሳቀሱም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል እንዲላክ አደረጉ። ስምንት ወር ያህል ታክሞ እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ከባለቤቱ ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ አራት ልጆች የወለደው ሰው ገና 37 ዓመቱ ነበር።

ሁለተኛው ሩጫ

ስቶክ ማንዴቪል ተራ ሆስፒታል አልነበረም። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948 የአከርካሪ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ውድድር የጀመሩት እዚያ ሲሆን የዛሬው ፓራሊምፒክ የተገኘው ከዚያ ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚሁ የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተካፈለ። በዓመቱ ኖርዌይ ውስጥ በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶ ልጅ በረዶ ላይ!

አንዳንድ ሰው ይህን እንደ መጽናኛ ያየው ይሆናል። ሆኖም የሁለት ኦሊምፒክ ጀግና ቀስት ይዞ ከጀማሪዎች ጋር መሰለፉ ቀላል አልነበረም። ሮም ላይ ያጣው ነገር አልነበረም፤ ማንም አያውቀውም ነበርና። እዚህ ግን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ቢሸነፍም ተሸነፈ ተብሎ ይወራል። እሱ ግን ተወዳደረ። በኒውዮርክ ብራና ይዞ የሮጠው ሰውና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀስት የገተረው ሰው አንድ ናቸው። ሁለቱም ቦታ ላይ ወርቁ አልነበረም ያስነሳው።

የሙኒክ ኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። ከሮም ድል ልክ 12 ዓመት ሞላው፣ በዚያው ዕለት። አበበ በክብር እንግድነት በተሽከርካሪ ወንበሩ ተገኝቶ ነበር፤ ስታዲየሙ ሲያየው ተነስቶ አጨበጨበለት። ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ ጨበጠው። ማሞ ወልዴ ነሐስ አገኘ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት በ41 ዓመቱ አረፈ። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በተፈጸመው ቀብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያረፈው ማሞ ወልዴም የተቀበረው እዚያው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ ስታዲየም አለ። በሮም ማራቶን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በ50ኛው ዓመት መታሰቢያ፣ አሸናፊው ሲራጅ ገና መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቷል። ባዶ እግሩ እንዲህ ይታወሳል። የተረሳው ቀስቱ ነው። የአካል ጉዳተኞች ስፖርት በአገራችን ብዙ ጊዜ በጋዜጣም በሜዳም ጥግ ሲይዝ ኖሯል። ያም ሆኖ በ2013 ዓ.ም. ትዕግስት ገዛኸኝ በ1 ሺህ 500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ውድድሩ የተካሄደው አበበ ከ56 ዓመት በፊት ሁለተኛ ወርቁን ባገኘባት ከተማ በቶኪዮ ነው።