አክሊሉ ለማ

ዶክተር አክሊሉ ለማ ኢትዮጵያዊ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት የእንዶድ ፍሬ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በማግኘታቸው ነው። በዚህም ሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ትውልድና ትምህርት

አክሊሉ ለማ በ1920ዎቹ (ዓ.ም.) መጨረሻ፣ ድሬዳዋን፣ ሐረርንና ጅጅጋን ያጠቃልል በነበረው በሐረርጌ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ካገኙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው መርተዋል።

ግኝቱ

ቢልሃርዚያ በወንዝና በኩሬ ውኃ የሚይዝ በሽታ ነው። ጥገኛው ትል ከሕይወት ዑደቱ ከፊሉን የሚያሳልፈው በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያም ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። በሽታው አንጀትን፣ ጉበትንና ፊኛን ይጎዳል። የትሉ እንቁላሎች ወደ ሳንባ የደም ሥሮች ሲደርሱ ደግሞ የቀኙን የልብ ክፍል የሚያደክም የደም ግፊት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን መተላለፊያ መቁረጥ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ወደ አድዋ ሄደው ሳሉ፣ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታዩ ነበር፤ ከላይ በኩል ያሉት ግን ሕያዋን ነበሩ። ሴቶቹ ለማጠቢያ የሚጠቀሙት ደርቆ የተፈጨ የእንዶድ ፍሬ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ባለበት ውኃ ውስጥ ሲጨምሯቸው ሞቱ።

የምርምር ሥራዎች

የመጀመሪያው ዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የቤተ ሙከራና የመስክ ውጤቶችን የያዘ ሰፊ ጽሑፍ በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን አወጡ። እነዚህ ጽሑፎች ከዕፅዋት ስለሚገኙ የቀንድ አውጣ ማጥፊያዎች በሚደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በተደረገ ጥናት የእንዶድ ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ፣ በስማቸው ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ የከተማዋ ወንዞች በእንዶድ ሲታከሙ፣ በነዋሪው ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ የታየው ለውጥ የበለጠ ነበር፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው በማወዳደር፣ ከፍተኛ የመግደል ኃይል ያለውን 44ኛውን ዓይነት መረጡ።

የዕውቅና ችግር

ውጤቱ በሳይንስ መጽሔቶች ቢታተምም እንዶድ በሥራ ላይ እንዲውል ለማድረግ አልበቃም። በወቅቱ የሚመከረው መድኃኒት በጀርመን ባየር ኩባንያ የሚመረተውና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ቤይሉሳይድ ነበር። እንዶድ ተቀባይነት እንዲያገኝ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ዕውቅና ባላቸው ቤተ ሙከራዎች የመርዛማነት ምርመራ ማለፍ ነበረበት። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ አልነበራትም፤ ለምርመራው የሚከፍል ለማግኘትም ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ጥናቱ ተካሄደ። እንዶድ ዓሣን እንደሚገድልና ዓይንን እንደሚያቃጥል፣ ነገር ግን በውኃ ውስጥ ፈጥኖ እንደሚበሰብስ ታወቀ። ያን ጊዜ ግን ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ተስፋፍቶ የዓለም ትኩረት ቀንድ አውጣን ከማጥፋት ሕሙማንን ወደ ማከም ዞሮ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ከዚህ ልምድ በመነሣት፣ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች በአገራቸው ያገኙትን ውጤት በአገራቸው አጣርተው ማረጋገጥ የሚችሉበት አቅም እንዲገነባ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር።

ኋለኛው ዘመን

ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያገለገሉ ሲሆን፣ በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከልም በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን የሚደፍኑትን የሜዳ አህያ ዛጎሎች እንዶድ እንደሚገድል ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር አሳዩ። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ ለዩኒቨርሲቲው መሰጠቱ፣ የኢትዮጵያ እናቶች ለዘመናት ሲገለገሉበት ከኖረው ዕውቀት የሚገኘው ጥቅም ለማን ይገባል የሚል ክርክር አስነሥቷል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የመሠረቱት የምርምር ተቋም በስማቸው ተሰይሟል።