ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የጎንደር ተለማማጅ ተማሪዎች

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። አራት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፣ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር ሰፈር ተገኙ። ኮሎኔል ቻምበርሊን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ እርሱ ሲሞትም ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸው የመጣው ከእነዚሁ ሁለት ሰዎች ነው። በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በስኮትላንድ ሙያቸውን አዳብረው፣ በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ።

የዓድዋ ድል ወሬ ከሩቅ አገር ሲደርሳቸው ልባቸው ወደ ትውልድ አገራቸው አዘነበለ። በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሴት አያታቸው በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተዋቸው፣ ወርቅነህ የሚለውን የልጅነት ስማቸውን መለሱላቸው። ሐኪሙ ድንኳን ተክለው፣ የመጣውን በሽተኛ ሁሉ ያክሙ ጀመር። ይሁን እንጂ ከጎናቸው ቆሞ እየረዳ የሚማር፣ ነገ እርሳቸውን የሚተካ ወጣት አልነበረም። ሐኪም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በአገሪቱ አልነበረምና ድንኳኑ ሲነቀል ሕክምናውም አብሮ ይነቀል ነበር።

ከ1911 ዓ.ም. በኋላ ጠቅልለው ከገቡ ወዲያ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው፤ ሁሉን መዘርዘር ይህ ገጽ አይበቃውም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መርተዋል። ለነጻ ወጡ ባሮች ትምህርት ደክመዋል። የፍልውሃን መታጠቢያ ሥራ በኃላፊነት ይዘዋል፤ ንጽሕናና ዕረፍት የጤና ክፍል መሆናቸውን የሚያውቅ ሐኪም ይህን ሥራ አይንቅም። ጨርጨርን ሲገዙም በመንገድ ሥራ ተጠምደዋል። እኛ መሐንዲሶች ደግሞ በተለይ የምናስታውሳቸው በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው፣ ከትውልድ ከተማቸው በስተደቡብ ባለው በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር በመነጋገራቸው ነው።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ብንያምና ዮሴፍ የተባሉት ሁለት ልጆቻቸው በአዲስ አበባ በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ የተመለሱት አባት የደረሰባቸውን ኀዘን ይዘው ቀሪ ዘመናቸውን አሳለፉ፤ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያም ዐረፉ።

በዚያው ሰሞን ከጎንደር ብዙም በማይርቀው በደምቢያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ ፈጀ። ከዚህ እልቂት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በሐኪሙ የትውልድ ከተማ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረድተውታል።

ኮሌጁ ያቀደው አንድ ብቻውን የሚሠራ አዋቂ ሐኪም ለማውጣት አልነበረም። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው እንዲማሩ ተደረገ። ወባው በበረታበት በቆላ ድባም የልምምድ ጤና ጣቢያ ተሰናዳላቸው። ጤና መኮንኑ ከክፍል ትምህርቱ በኋላ አንድ ዓመት በተግባር ካልተፈተነ አይመረቅም ነበር። በእኔ ግምት ለሐኪም ወርቅነህ ድንኳን የጎደለው ይኸው ሥርዐት ነው። ተማሪው ከተማ ተቀምጦ በሽተኛ መጠበቁ ቀርቶ፣ ገና ሳይመረቅ የገበሬውን ደጃፍ እንዲያንኳኳ ግድ ሆነበት።

የጤና መኮንኖች ሥልጠና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ተቋርጦ በሕክምና ፋኩልቲ ቢተካም፣ በኋላ ተመልሷል። የቡድን ልምምዱም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ አለ። ተማሪዎች ወደ ደምቢያ ቆላ ብቻ ሳይሆን ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ደጋም ይወጣሉ። በደጋው ብርድ ሰው ከከብቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ሲያድር፣ የጭሱና የንጽሕናው ጉዳይ ከወባ የማያንስ ራስ ምታት ነው። ቡድኑ በመጀመሪያ ከቤት ቤት እየዞረ ይጠይቃል፤ ከዚያ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ የትኛው ችግር እንደሚቀድም ይመክራል። መጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ምንጩ ከብት እንዳይገባበት ይከለላል። ይህ የእኛም ሙያ ነው፤ ሆኖም ምንጩን የሚከልሉት ብዙውን ጊዜ መሐንዲስ አጠገባቸው የሌለ የጤና ተማሪዎች ናቸው።