አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስና የዝቋላ ደን

ጻድቁ አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በግብፅ አገር ንሒሳ በምትባል ስፍራ ከአባታቸው ከስምዖንና ከእናታቸው ከአቅሌስያ ታኅሣሥ 29 ቀን እንደ ተወለዱ ገድላቸው ያስረዳል። በሕፃንነታቸው ከዓለም ተለይተው በገዳም አደጉ፤ በኋላም ወደ በረሓ ወጥተው እህል ሳይቀምሱ፥ ልብስ ሳይለብሱ፥ ገላቸውን ጠጕር ሸፍኖት በተጋድሎ ኖሩ።

ስለ ዕድሜያቸው ቍጥር የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን በዚያ አንቆይም። ልናስተውለው የሚገባን ከ60 አናብስትና ከ60 አናምርት ጋራ የኖሩትን ኑሮ ነው። አራዊቱ ጻድቁ የረገጡትን ትቢያ እየላሱ ይጠግቡ ስለ ነበር፥ ሌላውን እንስሳ መንጠቅ አላስፈለጋቸውም። ከአዳም ውድቀት በፊት በሰውና በፍጥረት መካከል የነበረው ሰላም በአንድ ሰው ቅድስና ተመልሶ የታየበት ነገር ይህ ነው። አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ተሾመ እንጂ እንዲያጠፋት አልተሾመም፤ ሹመቱም ለልጆቹ የተላለፈ አደራ ነው።

ጻድቁ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ከነአራዊታቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በምድረ ከብድና በዝቋላ ተቀመጡ። በዝቋላ ተራራ ራስ ላይ ባለው ባሕር ውስጥ ቍልቍል ተዘቅዝቀው 100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረትን ለመኑ። ዕረፍታቸው መጋቢት 5 ቀን ነው።

እኛ ዛሬ ጻድቁን በአናብስትና በአናምርት ተከበው በሥዕል አይተን እንሳለማለን፤ አራዊቱ የሚጠለሉበትን ዱር ግን ለከሰልና ለማገዶ እንመነጥራለን። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ለበዓል ወደ ዝቋላ የሚወጣ ምእመን እርጥብ ዛፍ ቢቈርጥ፥ ስእለቱን ከማን ፊት እንዳቀረበ ያስብ። የንስሐ አባቶችም ብንሆን ስለ ስርቆትና ስለ ጾም መሻር እንጠይቃለን፤ እሳት በደን ውስጥ ለኵሶ ስለ ሄደ ሰው ግን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ይህ ቸልተኝነት ነው።

ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ይገኛል። በግርጌው ያለው ሜዳ እርሻ ሆኖ ሳለ፥ በራሱ ላይ ያለው የጽድ ደን በገዳሙ ጥበቃ ቆይቷል፤ ጉሬዛውም የሚጠለለው በዚያው ነው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ጻድቁ ባረፉበት ወር በዚህ ደን እሳት ተነሣ። እሳቱ ከመነኮሳቱ ዐቅም በላይ ስለ ሆነ፥ ምእመናን ከቢሾፍቱና ከአዲስ አበባ ተጠራርተው፥ ያን ቀጥ ያለ ዐቀበት ወጥተው ከእነርሱ ጋራ ተረባረቡበት።